ልጇ ጨዋ የሆነችባት እናት

አንድ እናት ነበረች፤ ልጇ ጨዋ ሆነችባት። የሌላው ሰው እናት ልጄ ሰነፈች፣ ልጄ ቃሌን አልሰማ አለች ብላ ታለቅሳለች። ይህቺኛዋ ግን ልጄ መልካም ሆነችብኝ ብላ እህል አልወርድ አላት። ሰው ሲሰጡት የማያውቅበት ጊዜ አለ ትሉ ይሆናል። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ስሙት።

ስሟ ዘነበች ነው። ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከምንጩ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር ትኖር ነበር። ግቢዋን እንሰት ከቦታል፤ ደጇ ላይ የቀርከሃ ክምር አለ። ባሏ ዘርጋ የቀርከሃ ወንበርና ቅርጫት ይሠራል። ዘርጋ ሲሠራ አይናገርም፤ ሳይሠራም አይናገርም። ስለዚህ በዚያ ቤት የሚታሰበውንም የሚነገረውንም ዘነበች ብቻዋን ትሸከመው ነበር። ብቻውን የሚያስብ ሰው ደግሞ መጨረሻው ይታወቃል።

ነገሩ የጀመረው በለቅሶ ነው። ዘነበች ከሴት ልጇ ከሉቺያ በፊት እንድርያስ የሚባል ወንድ ልጅ ነበራት። ዝምተኛ፣ ሽማግሌ ሲመጣ ከመንገድ ገለል የሚል፣ የሰው ዶሮ እንኳ እሽ ብሎ የማያውቅ ልጅ። ኩፍኝ አገሩ በገባበት ዓመት ሞተ። ሉቺያ ያኔ ጡት አልጣለችም። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም፤ አንድ ነገር ካላለ ንፍሮው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። አንዷ ለዚህች ምድር የተሠራ ልጅ አልነበረም አለች። ሌላዋ ጌታ የወደደውን ቶሎ ይቀጥፋል አለች። የአጥር ጎረቤቷ ጌጤ ደግሞ፣ ሌላው ሰው የተናገረው ሁሉ የሚያንስባት ጌጤ፣ «እኔስ ድሮም ታውቆኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ደግ ልጅ አይቆይም» ብላ ደመደመችው።

ሴቶቹ ንፍሯቸውን በልተው፣ ቀሚሳቸውን አራግፈው ወደየቤታቸው ሄዱ። ቃላቸው ግን አብሯቸው አልሄደም። እዚያው መደቡ ላይ ቁጭ አለ። ሌላው ሰው ሲረሳው ዘነበች ያዘችው፤ ቀን በቀን ስታገላብጠው እንደ ሕግ ጠነከረ። ደግ ልጅ አይቆይም። በዚያ ዓመት ኩፍኙ የገባው በእሷ ቤት ብቻ እንዳልነበረ እንኳ ረሳች። የራስ ለቅሶ የሰውን ለቅሶ ያስረሳል።

ዓመታት አለፉ፤ ሉቺያ ለመጀመሪያ ቁርባን ደረሰች። በዚያ ቁምስና፣ በዚያ አጥቢያ ማለት ነው፣ አንድ ልማድ አለ። የሚቆርቡት ልጆች ከዚያ በፊት ባሉት እሑዶች ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ይቀመጣሉ፤ ቆሞሱ አባ ስምዖን የቅዱሳን ሕፃናትን ሕይወት ያነቡላቸዋል። እያንዳንዱ ልጅ ከሰማቸው ቅዱሳን አንዱን መርጦ «ይሄ ጓደኛዬ ነው» ይላል፤ እስኪቆርብ ድረስም ያንን ጓደኛውን ለመምሰል ይጥራል። እናቶች ከኋላ ይቀመጣሉ። ግማሾቹ የሚመጡት ለመስማት ነው፤ ግማሾቹ ማን ምን እንደለበሰች ለማየት።

በመጀመሪያው እሑድ በጥንት ዘመን በሮም ስለነበረ አንድ ልጅ ተነበበ። ለታሰሩ ክርስቲያኖች ቅዱስ ቁርባን ደረቱ ላይ አቅፎ ሲሄድ መንገድ ላይ አስቆሙት። የያዝከውን አሳየን አሉት፤ አላሳይም አለ፤ ደብድበው ገደሉት። በሚቀጥለው እሑድ ተራው የሕፃኑ የቂርቆስ ሆነ፤ እሱማ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነው፣ ያውም ከእናቱ ጋር የተገደለ። ከዚያ ምሳቸውን ለድኻ ልጆች እየሰጡ ጾማቸውን ይውሉ ስለነበሩ እኅትና ወንድም ተነበበ፤ እነሱንም በሽታ ወሰዳቸው። ከዚያ ኃጢአት ከምሠራ ሞት ይሻለኛል ስላለው ተማሪ፤ እሱም ጢም ሳያበቅል ሞተ። አባ ስምዖን ደግሞ አነባበባቸው ያስቸግራል። የልጁን ኑሮ በሁለት ትንፋሽ ያልፉትና ሞቱ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ዐይናቸውን ይጠርጋሉ። ከኋላ የተቀመጡት እናቶችም ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ይሰዳሉ።

ዘነበች ግን አላለቀሰችም። ጌጤን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«እትዬ ጌጤ፣ ከእነዚህ ውስጥ አንድ እንኳ ያረጀ የለም?»

ጌጤ ተጠይቃ መልስ አጥታ አታውቅም፤ ባታውቀውም ትመልሳለች። «ምን ያረጃል፣ እቴ? ቅዱስ ልጅ የጧት ጤዛ ነው። ፀሐይ ሲወጣ የለም።»

ሉቺያ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ከልጆቹ ሁሉ ፊት ተቀምጣ፣ አገጯን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ታዳምጥ ነበር። እሷ ከታሪኩ የያዘችው ሞቱን አልነበረም፤ ምሳውን ነው። ምሳዋን ለድኻ የምትሰጠውን ልጅ ጓደኛዬ አለች። በማግስቱም ዘነበች ከጎመን ጋር ጠቅልላ የሰጠቻትን ቆጮ እናቷ ታማ አልጋ ላይ ለዋለችባት የክፍል ጓደኛዋ ሰጠቻት። ከምንጩ ስትመለስ ለአንድ ዐይነ ስውር ሽማግሌ ውኃ አደረሰች። ልጆች ሲጣሉ መካከል ገብታ የሁለቱንም ዱላ ቀመሰች። ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገረችም። ግን ጌጤ የምትባል ሴት ባለችበት ሰፈር የሚደበቅ ነገር የለም፤ ወሬው ከምንጭ ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። በሌላው እሑድ አባ ስምዖን ከዋርካው ሥር ተነሥተው፣ «ከመካከላችን አንዲት ትንሽ ቅድስት እየበቀለች ነው» አሉና ሉቺያን በእጃቸው አመለከቱ። ሰው አጨበጨበ፤ አንዷ እልል አለች። እልልታው በዘነበች ጆሮ ዋይታ ሆኖ ገባ።

በዚያን ቀን ወሰነች። ደግነት የሚገድል ከሆነ መድኃኒቱ ትንሽ ክፋት ነው። ብዙ አይደለም፤ ልጅቱ ሲኦል እንድትገባ አይደለም። ከሞት ዐይን የሚሰውራት ያህል ብቻ፣ ቡዳ እንዳያየው ሕፃን ግንባር ላይ ጥላሸት እንደሚቀባው።

መጀመሪያ መቁጠሪያዋን ደበቀችባት። ልጅቱ በጣቶቿ እየቆጠረች ጸለየች። ቀጥላ ምንጩ ጋ ሰልፍ ስትይዝ ከፊት ያለችውን ገፍትራ እንድትቀዳ አዘዘቻት። ልጅቱ ገፈተረች፤ ከዚያ የገፈተረቻት ልጅ ጀሪካኗን ማንሣት ሲያቅታት አሸከመቻት፤ ከዚያ ቀጥላ ያለችውን አሸከመች፤ በመጨረሻ ከሁሉ ኋላ ቀድታ መጣች። ዘነበች ጭንቅላቷን ያዘች። የስኳሩን ጣሳ ክዳኑን ከፍታ መደቡ ላይ አስቀምጣ፣ ማንም አያይም ብላ ወጣች። ስትመለስ ስኳሩ እንዳለ አለ። አሁንስ ትዕግሥቷ አለቀ። ልጅቱን ጣሳው ፊት አቁማ፣ እንድትሰርቂ ነው የምልሽ፣ ገባሽ ብላ ተቆጥታ ወደ ጓሮ ዞረች። ብዙ ሳይቆይ ሉቺያ ከኋላዋ መጣች። ጣቷ ላይ ጥቂት ስኳር ተለጥፏል።

«እማዬ፣ ሰረቅሁ» አለች። «ግን ያዘዝሽኝ አንቺ ነሽ። ይሄ መስረቅ ነው ወይስ መታዘዝ?»

ምን ይባላል እንግዲህ። ክፉ ሁኚ ሲሏት እሺ ብላ ክፉ የምትሆን ልጅ፤ እሺታው ደግሞ ራሱ ደግነት ነው። ከእንዲህ ያለች ልጅ ጋር በየት በኩል ይወጣል? ዘነበች ወደ ባሏ ዞራ ይህችን ልጅ አንድ ነገር በላት አለችው። ዘርጋ ቀርከሃውን መሰንጠቁን ሳያቋርጥ ልጅቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ስንጣሪውን ወደ ደጅ ወረወረ። ከእሱ የተገኘው ይኸው ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ሰው መስደብ ካልለመድሽ ከቤት አትግቢ ብላ ወደ ጌጤ ላከቻት። ምክንያቱም ጌጤን የሰደበ ልጅ በዚያ አገር ደግ ተብሎ አይጠራም፤ እሷ ራሷ ታዳርስለታለች። ሉቺያ የጌጤ ደጅ ላይ ደርሳ እግሯን ገጥማ ቆመች።

«እማማ ጌጤ፣ እናቴ እንድሰድብዎ ልካኝ ነበር። ምን ብዬ ልስደብዎ?»

ጌጤ የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች። ሰው በጀርባዋ ሲሰድባት ታውቃለች፤ መጥቶ ያማከራት ግን የለም። ጥቂት አሰበችና፣ «አፍዎ መዝጊያ የለውም በዪኝ» አለቻት። «እሱ እውነት ስለሆነ ኃጢአት አይሆንብሽም።»

«አፍዎ መዝጊያ የለውም፣ እማማ ጌጤ። ደህና ይዋሉ» አለች ልጅቱ፤ እጅ ነሥታ ሄደች። ጌጤ ያን ቀን ለሰው ሁሉ ስታወራው ዋለች። ዘነበች ነገሩን ስትሰማ ወንበር አጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ቁርባኑ ሲቃረብ ዘነበች ወደ ቆሞሱ ቤት ሄደች። አባ ስምዖን የልጅቱ ነጭ ልብስ ስላልደረሰ የመጣች መስሏቸው ገና ቀን አለ ብለው ተቀበሏት።

«አባ፣ ሉቺያ ዘንድሮ አትቆርብም» አለቻቸው።

«ለምን ሲባል?»

«ገና አልባለገችም። ትንሽ ትባልግና ትቁረብ።»

አባ ስምዖን በክህነት ዘመናቸው ብዙ ጉድ ሰምተዋል፤ ይህን ግን አልሰሙም። አስቀምጠው ጠየቋት። እሷም ሁሉንም ዘረገፈችው፤ የእንድርያስን ሞት፣ የሴቶቹን ቃል፣ በየእሑዱ የሚሞቱትን ልጆች። እሳቸው አዳምጠው ሲጨርሱ እንደ መበሳጨት አላቸው። «ዘነበች፣ ያረጁት ቅዱሳን ሽማግሌ ሆነው ነው እንዴ የተወለዱት? እነሱም ልጅ ነበሩ። እኔ የማነብላችሁ ገና በልጅነታቸው የሞቱትን ስለሆነ ነው ያረጀ ያጣሽበት። ደግ ሆኖ ያደገማ የተጻፈው በሌላ መጽሐፍ ነው።»

«ታዲያ ያንን መጽሐፍ ለምን አያነቡልንም?»

አባ ስምዖን መነጽራቸውን አወለቁ። ዘነበችም አሸንፌያለሁ ብላ ተነሥታ ሄደች። መልሳቸው ደህና መልስ ነበር። ግን በእንባ የገባ ቃል በክርክር አይወጣም።

ቤቷ ስትደርስ ያልሞከረችው አንድ ነገር ብቻ ቀርቷት ነበር። ውሸት። ልጅቱን ጉልበቷ ሥር አስቀመጠቻት። ሰው ሲጠይቅሽ ያለውን የለም በዪ፣ የሆነውን አልሆነም በዪ አለቻት። የልጅቱ ፊት ሲጨልም አየችና እስከዚያን ቀን የደበቀችውን ነገረቻት። «እኔ አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ። ደግ ነበር፣ ሞተ። ሁለተኛ አልቀብርም። ለእኔ ብለሽ ተማሪ።» ሉቺያ የእናቷን ጉልበት አቀፈች። ከዚያ እሺ አለች።

በዚያው ሰሞን ሉቺያ በደጃቸው ስትሮጥ ከአባቷ የቀርከሃ ስንጣሪ አንዱ ተረከዟ ውስጥ ገባ። ጫፉን ነቀለችው፤ ሥሩ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። እግሯ ማበጥ ጀመረ። እናቷ ስታነክስ አየቻትና ምን ሆነሽ አለቻት። ልጅቱ ዐይኗን ሳታሽ፣ «ምንም አልሆንኩም፤ ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወትኩ ነው» አለች። መሬት ላይ የተሰመረ መስመር የለም፤ አብሯት የሚዘል ልጅ የለም። ዘነበች ይህን አይታ ልቧ በደስታ ዘለለ። ልጄ ውኃ ላለመቅዳት የምታነክስ አስመሰለች፣ ልጄ ሰነፈች፣ ልጄ ዋሸች ብላ ከጣሳው አንድ ማንኪያ ስኳር አውጥታ ሸለመቻት። ያን ዕለት ከስንት ጊዜ በኋላ ጠግባ በላች።

ጌጤ ግን ዐይን አላት። ምንጩ ጋ ልጅቱ ጣቶቿ ላይ ቆማ ስትራመድ፣ ላቧ በግንባሯ ሲወርድ አየች። አጥሩን ተሻግራ መጥታ ልጅሽ እግሯን ታማለች፣ እዪያት አለቻት። ዘነበች ሳቀች። ልጄ ገና አሁን ዋልጌ ሆናልኛለች፣ አንቺ ደግሞ እንዳታበላሺብኝ አለቻት። ጌጤ የፈለገችውን ያህል ብትጮህ፣ ዕድሜዋን ሁሉ ስላወራች የሚያምናት አላገኘችም። አፍ ብዙ ሲከፈት እንዲህ ነው፤ እውነት ሲይዝም ሰው ይንቀዋል።

ከቁርባኑ በፊት በነበረው እሑድ ልጆቹ ሻማ ይዘው ወደ መሠዊያው መሄድን ይለማመዱ ነበር። ዘነበች ልጄ አትቆርብም ብትልም ልጅቱ ከሰልፉ አልወጣችም፤ መቼም ያልታዘዘችው በዚህ ብቻ ነው። በመካከሉ ሉቺያ ሻማዋን ከጎኗ ላለው ልጅ አቀበለችና ቀስ ብላ፣ ማንንም ላለማስቸገር እንደሚቀመጥ ሰው፣ መሬት ላይ ወደቀች። ዘነበች ስታነሣት ሰውነቷ እንደ ምጣድ ያቃጥል ነበር። ጫማዋን ስታወልቅላት ደግሞ እግሩ እስከ ጉልበቷ ቀልቷል። አዝላት ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወዳለው የሴት መነኮሳት ክሊኒክ ሮጠች፤ ጌጤ ነጠላዋ እየተጎተተ ከኋላዋ።

ሲስተር ሮዛ ቁስሉን ከፍታ መግሉን አወጣች፤ የተሰበረውንም ስንጣሪ በመቆንጠጫ ጎትታ አወጣችው። ልጅቱ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። መርፌ ከወጋቻት በኋላ ሲስተሯ ተናደደች። ጥቂት ቢቆይ እግሩን ብቻ አልነበረም የምታጡት ብላ ዘነበችን ገሠጸቻት። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞራ ይህን ሁሉ ሕመም ይዘሽ ለምን አልተናገርሽም አለቻት።

ሉቺያ መጀመሪያ እናቷን አየቻት። «እናቴ መዋሸት ተማሪ አለችኝ» አለች ዝግ ብላ። «መስረቁም መሳደቡም አልሆነልኝም። ይሄ ብቻ ሆነልኝ።»

ሲስተር ሮዛ ምንም አልገባትም። የገባት ዘነበች ነች። ወጥታ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጌጤ አጠገቧ ተቀመጠች። ዘነበች ግን አሁንም ያንኑ ቃሏን አልለቀቀችም። ያውላችሁ፣ ጌታ ጠራት፣ ደግ ስለሆነች ጠራት ትል ጀመር። ጌጤ እስከዚህ ድረስ ታገሠቻት። ከዚህ በኋላ አልቻለችም።

«አንቺ ሴት፣ የኔን ልጅ በርናባስን ረሳሽው?»

ዘነበች ወደ እሷ ዞረች።

«በርናባስ፣ ያ ሌባ። የቁምስናውን ሸንኮራ የጨረሰው። እኔን እናቱን በድንጋይ ያባረረኝ። እንድርያስሽ በሞተ በሳምንቱ፣ በዚያው ኩፍኝ አይደለም የሞተው? እሱ ምን ቅድስና ነበረው? ክፋት ዕድሜ የሚቀጥል ቢሆን ኖሮ የኔ ልጅ ዛሬም ድረስ ይህን አገር ሲያምሰው ይኖር ነበር።»

ይህን ብላ አላቆመችም፤ ማቆም መች ለምዳ። ግን ድምፁ የወትሮው ድምፅ አልነበረም። «ለአንቺ ልጅ ሁሉም የሚለው ቃል ነበረው፤ እኔም ነበረኝ። ለእኔ ልጅ ግን የተገኘ የለም። ሴቶቹ ንፍሮ እያኘኩ መሬት መሬት ሲያዩ ዋሉ። አንዷ ብቻ ስትወጣ ‹ተገላገልሽ› አለችኝ።»

ዘነበች ያን ለቅሶ አስታወሰችው። ድንኳኑ ጥግ ላይ የራሷን ሐዘን አቅፋ ተቀምጣ ነበር፤ ጌጤን ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ይህች አፏ መዝጊያ የለውም የምትባል ሴት ስታለቅስ አይታ አታውቅም ነበር። አሁን አየች። የምትላት ነገር ወደ አፏ መጣ፤ እግዚአብሔር የሚያደርገውን ያውቃል ልትል ነበር። ዋጠችው። እጇን ብቻ ያዘቻት። ሁለቱ ሴቶች እንደዚያ ተያይዘው፣ ምንም ሳይባባሉ፣ ሲስተር ሮዛ ትኩሳቱ ቀነሰ ብላ እስክትወጣ ድረስ ተቀመጡ። ያ ሰፈር ጌጤ ዝም ያለችበትን ሰዓት አሁንም ድረስ ያወራዋል።

ሉቺያ ዳነች። ለቁርባኑም ደረሰች፤ እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የአባቷን ክንድ ተደግፋ፣ ሻማዋን ይዛ ሄደች። ነጭ ልብሱን ዘነበች ራሷ አለበሰቻት። ፈርታ ነበር፤ እናት ፍርሃቷ በአንድ ቀን አይለቃትም። ግን መቁጠሪያዋን ከተደበቀበት አውጥታ አንገቷ ላይ አጠለቀችላት። ከቅዳሴ በኋላ አባ ስምዖን ዋርካው ሥር ሌላ መጽሐፍ ይዘው መጡ። በልጅነቱ ዳቦውን ከድኻ ጋር ይካፈል ስለነበረ፣ አድጎ ስለተማረ፣ ጎልምሶ ስለሠራ፣ አርጅቶ በሽበት ስላረፈ አንድ ቅዱስ ማንበብ ጀመሩ። ረጅም ሕይወት ስለሆነ ንባቡም ረዘመ። ፀሐዩ በረታ። ልጆቹ ማዛጋት ጀመሩ። ጌጤ ታግሣ ታግሣ በመጨረሻ ወደ ዘነበች ዘንበል አለችና፣ «ይሄኛው ደግሞ አይሞትም እንዴ?» አለቻት። ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዘነበች ከገበያ ስትመለስ የስኳሩ ጣሳ ተከፍቶ አገኘችው። ማንም አላዘዘም፤ ማንም ገፍቶ አላቆማትም። ሉቺያ ግን ከበሩ ኋላ ጉንጯ እስከ ጆሮዋ ስኳር ሆኖ ቆማለች። ዘነበች ለአፍታ አየቻት። ከዚያ እንደ ማንኛዋም እናት ጆሮዋን ይዛ ተቆጣቻት፤ የሰው ልጅ እንዲህ ያደርጋል ወይ ብላ፣ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ ብላ። ልጅቱም እንደ ማንኛዋም ልጅ አለቀሰች። ዘርጋ ከቀርከሃው ቀና ብሎ ሁለቱንም አየና፣ «እፎይ» አለ። ከእሱ በዚያ ዓመት የተሰማው ቃል ይህ ነው።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ይህን ነው። ደግነት ዕድሜ አያሳጥርም፤ ክፋትም ዕድሜ አይቀጥልም። ኩፍኝ ጨዋና ባለጌ አይለይም። ቅዱሳን ሕፃናት የከበሩት ቀድመው ስለሞቱ አይደለም፤ በነበራቸው ጥቂት ቀን ምሳቸውን ስላካፈሉ፣ አደራቸውን ስላልጣሉ ነው። ታሪካቸውን ስንሰማ ሞታቸውን ይዘን ከሄድን የሰማነው ገና ግማሹን ነው። ልጅን ከክፉ እንዲያድነው ብለን የምናስተምረው ውሸት ደግሞ መጀመሪያ የሚደብቀው የልጁን ቁስል ነው፤ ያውም ከእኛው ከወላጆቹ።

ለቅሶ ቤት ስትሄዱም የምትሉት ካጣችሁ ንፍሯችሁን ብሉና የሐዘንተኛዋን እጅ ያዙ፤ ይበቃል። ለማጽናናት ብላችሁ የምትጥሉት ቃል እናንተ ቀሚሳችሁን አራግፋችሁ ስትወጡ እሱ መደቡ ላይ ይቀራል፤ ያድጋል፤ የሌላ ልጅ ሕይወት ላይ ይደርሳል። እስቲ መለስ ብላችሁ አስቡት፤ እናንተ በሰው ሐዘን ላይ ጥላችሁት የመጣችሁት ቃል ዛሬ በማን ቤት ምን ሆኖ በቅሎ ይሆን?